«አይዞሽ» ብዬ ወደቅኩ፦ ኤንክሌክስን ደግመን ለምንፈተን ነርሶች

የሌሊት ፈረቃ
ጥቅምት 12 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን መድረክ ሁለት ዓመት ያህል አንድ መስመር ሳልጽፍ ሳነብ ኖሬአለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለወደቅኩ ነው።

መስከረም 20 ቀን እዚህ ሜሪላንድ ኤንክሌክስን፣ ማለትም የአሜሪካን የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ ተፈተንኩ። ኮምፒውተሩ 85ኛው ጥያቄ ላይ አልቆመም፤ 100 ላይም አልቆመም፤ እስከ መጨረሻው 150 ድረስ ጎተተኝ። አምስቱ ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ወጣሁ። ከሁለት የሥራ ቀናት በኋላ 7 ዶላር ከ95 ሳንቲም ከፍዬ ውጤቴን አየሁ። ቃሉን እዚህ መድገም አልፈልግም።

አገር ቤት በዲግሪ ተመርቄ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሌሊት ሌሊት ሁለት ነርሶች ሆነን አርባ አልጋ እንጠብቅ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ «አንቺማ ነርስ ነሽ፣ ምን ችግር አለብሽ» ያላለኝ ሰው የለም። ከመጣሁ ጀምሮ በአረጋውያን መንከባከቢያ የነርስ ረዳት ሆኜ እየሠራሁ ነው። ሥራውን አልንቀውም፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ነገር ግን የአንድ አዛውንት እግር ማበጥ የልብ ድካም መሆኑን እያወቅኩ «ለነርሷ ንገሪ» መባል እንዴት እንደሚያንገበግብ የቀመሰ ያውቀዋል።

ትራንስክሪፕቴ ከተማርኩበት ተቋም በታሸገ ፖስታ የውጭ ነርሶችን ሰነድ ወደሚያጣራው የፊላደልፊያ ድርጅት እስኪደርስ ብቻ አሥራ አራት ወር ፈጀ። መጀመሪያ የወጪ መጋራት ክፍያዬ ይጣራ ተባለ። ከዚያ ፈራሚው ስብሰባ ሄደ። ከዚያ ማኅተም ያዡ የዓመት ፈቃድ ወጣ። ወንድሜ የዚያን ግቢ በር እኔ ከተመላለስኩበት በላይ ተመላልሶበታል።

የወደቀ ሰው በስምንት ዘርፍ ከማለፊያው በላይ፣ በአቅራቢያው ወይም በታች መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይላክለታል። መድኃኒት ላይ ከማለፊያው በላይ ነኝ። በታች የሆንኩት ሁለት ቦታ ነው፤ በሥነ ልቦና ድጋፍና በእንክብካቤ አመራር። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ይዤ ያደርኩ ሴት በሥነ ልቦና ድጋፍ ወደቅኩ!

የፈተናውን ጥያቄ ላለማውጣት ስለፈረምኩ ከመለማመጃ አንዱን ልንገራችሁ። ጡቷ በቀዶ ጥገና የተወገደላት ሴት ታለቅሳለች፤ «ከእንግዲህ ባሌ ዞር ብሎም አያየኝ» ትላለች። ነርሷ ምን ትበል? አንደኛው ምርጫ «አይዞሽ፣ ባልሽ ይወድሻል፣ ሁሉም ይስተካከላል» ነው። ሌላውን ሳላነብ እሱን መረጥኩ። ስህተት ነው። ትክክል የተባለው «ባለቤትሽ እንደ በፊቱ ላያይሽ ይችላል ብለሽ ሰግተሻል» የሚለው ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በእኛ አገር የምታለቅስ ሴት ፊት ቆሞ ስጋቷን መልሶ የሚነግራት ሰው ነርስ ነው ወይስ ባላንጣ?

በኅዳር ደግሜ ለመቀመጥ አስባለሁ። ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ?


ነርስ ዘጎንደር
ጥቅምት 12 ቀን 2018

እኅቴ፣ መጀመሪያ 150 ድረስ መሄድሽን እንደ ውርደት አትቁጠሪው። ይህ ፈተና እንደ ማትሪክ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት ተቀብሎ የሚታረምበት አይደለም። ኮምፒውተሩ መልስሽን እያየ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይመርጣል፤ ስትመልሺ ያከብዳል፣ ስትስቺ ያቀልላል። ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆንሽን 95 በመቶ ሲረጋገጥለት ያቆማል። 85 ላይ ቆሞለት ያለፈ አለ፤ 85 ላይ ቆሞበት የወደቀም አለ። 150 የደረሰ ሰው መስመሩ ላይ ሲንገዋለል የነበረ ነው። አንቺ ደጃፉ ላይ ነበርሽ ማለት ነው።

ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 85 ውስጥ አሥራ አምስቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው፤ ነጥብ አይያዝባቸውም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አታውቂም። ስለዚህ አንድ የማታውቂው ነገር ሲመጣ ልብሽ አይውደቅ። ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል ካለፈ አለፈ ነው። እኔ ቨርጂኒያ የተፈተንኩ ቀን ሰማኒያ ምናምነኛው ላይ ስክሪኑ ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ እጄን አውጥቼ ጠባቂዋን ጠርቻታለሁ። «ጨርሰሃል» አለችኝ። አልፌ ነበር፤ እስከ መኪናዬ ድረስ ግን መውደቄን እርግጠኛ ሆኜ ነው የሄድኩት።

እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ፈተናው ተለውጧል። የቆየ መጽሐፍ ከሰው ተውሰሽ ከሆነ ዛሬውኑ መልሽለት። አሁን የአንድ ታካሚ መዝገብ ተሰጥቶሽ በእሱ ላይ ስድስት ጥያቄ በተከታታይ ትመልሻለሽ፤ ነጥብ የሚያዝባቸው እንዲህ ያሉ ታሪኮች ሦስት ናቸው። ስድስቱ የሚሄዱት ነርስ አልጋ አጠገብ እንደምታስበው ነው፤ ምልክቱን ማስተዋል፣ ምን ማለት እንደሆነ መተንተን፣ ከሚያሰጉት ነገሮች የቱ እንደሚቀድም መለየት፣ መፍትሔ ማሰብ፣ መሥራት፣ ከዚያ መጥቀሙን ማየት። «የሚመለከታቸውን ሁሉ ምረጡ» በሚለው ዓይነት ድሮ አንዱን ከሳትሽ ሁሉም ባዶ ነበር። አሁን ለትክክሉ ይሰጥሻል፣ ለስህተቱ ግን ይቀንስብሻል። አንዳንዱ ይህን ሳይሰማ «ሁሉንም ልንካ፣ አንዱ ይይዛል» ብሎ ራሱን ያከስራል።


የድሮዋ ሲስተር
ጥቅምት 13 ቀን 2018

የሌሊት ፈረቃ ልጄ፣ ከሲያትል ነው የምጽፍልሽ። እኔ የተፈተንሁት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በእርሳስና በወረቀት፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ያኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ የወደቀ ሰው ግማሽ ዓመት ይጠብቅ ነበር። ኮምፒውተሩ የመጣው በዓመቱ ነው። እናንተ አርባ አምስት ቀን ቆይታችሁ 200 ዶላር ከፍላችሁ ትመለሳላችሁ። ገንዘቡ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም።

እኔም መጀመሪያ ወድቄ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ግን ካለፍሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ካርቱም ሳለሁ በስደተኞች ክሊኒክ ሁሉንም ነገር በእጄ እሠራ ነበር፤ አዋልዳለሁ፣ እሰፋለሁ፣ መድኃኒት አዝዛለሁ፣ ወለሉንም አጥባለሁ። ፈተናው ግን «ለማን ትሰጪዋለሽ?» ይላል። እኔ ደግሞ ሥራ ለሰው መስጠት ስንፍና ይመስለኝ ነበር። አገር ቤት ታካሚን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው አስታማሚ ነው። ነርስ ረዳትን ማዘዝ የሚባል ነገር አልተማርንም፤ የምናዘው እናቱን ወይም ወንድሙን ነበር።

አንቺ ግን ከእኔ የተሻለ ዕድል አለሽ፤ አሁን ረዳት ነሽ። ዛሬ ማታ ሥራ ስትገቢ አንድ ነገር አስተውይ። ነርሷ ምን ምን ትሰጥሻለች? ማጠብ፣ ማብላት፣ ሁኔታው የተረጋጋን ሰው የደም ግፊት መለካት፣ የጠጣውንና የሸናውን መመዝገብ። ምን አትሰጥሽም? አዲስ የገባን ሰው መመርመር፣ የሚሄደውን ሰው ማስተማር፣ ሕመም ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ መጥቀም አለመጥቀሙን መገምገም። የማትሰጥሽ ነገር ሁሉ ፈተናው ላይ የነርስ ሥራ ነው። የእንክብካቤ አመራር የሚሉት ግማሹ ይኸው ነው። እንደ ረዳት እያሰብሽ ተፈትነሽ ይሆናል እንጂ ዕውቀት አጥተሽ አይመስለኝም።

ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ነው። አራት ታካሚ ይሰጡሻል። አንዱ ትናንት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሕመሙ ከአሥር ስምንት ነው ይላል። አንዷ የስኳር ታማሚ ናት፣ ስኳሯ 58 ወርዶ አልቧታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። አንዱ የመድኃኒት ሰዓቱ አልፎበታል። አንዱ ወደ ቤቱ ሊሄድ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። እኔ በአገሬ ልማድ ከአልጋ ቁጥር አንድ ነበር የምጀምረው፤ ወይም በጣም ከሚጮኸው። ፈተናው ግን የሚጮኸውን ትተሽ ዝም ብላ ወደምታልበው እንድትሄጂ ነው የሚፈልገው። የእሷ አእምሮ ስኳር እያጣ ነው፣ ሕመም ግን አሥር ደቂቃ ይታገሣል።

የመድኃኒት ስምም ብዙ ሰው ይጥላል። እኛ የተማርነው በእንግሊዞች አጠራር ነው። ፓራሲታሞል እዚህ አሲታሚኖፌን ነው። ሳልቡታሞል አልቡተሮል ይባላል፣ አድሬናሊን ኤፒነፍሪን፣ ፔቲዲን ሜፐሪዲን፣ ግሊቤንክላሚድ ግላይቡራይድ። ትኩሳቱም በፋራናይት ይመጣብሻል፤ 100.4 ስታዪ አትደንግጪ፣ 38 ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ሜፐሪዲንን አዲስ መድኃኒት መስሏት አልፋዋለች፤ አምስት ዓመት በገዛ እጇ ስትወጋው ኖራ!

ስለ «አይዞሽ» ቆይቼ እመለሳለሁ፤ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ።


ደረቅ ጥያቄ
ጥቅምት 13 ቀን 2018

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ ሳነበው ግራ ይገባኛል። «አይዞሽ» ማለት ስህተት የሆነበትን ፈተና ለማለፍ ይህን ያህል መከራ ማየት ምን ይባላል? ሰውን ማጽናናት ከሰውነት ተራ አስወጥተውት እናንተ ደግሞ እሺ ብላችሁ ትሸመድዳላችሁ። እዚህ እናቴ ተኝታ በነበረበት ክፍል ሌሊት አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች፤ «ሌሎቹስ?» ብል «ሄደዋል» አለችኝ። የት እንደሄዱ አሁን ገባኝ፤ ማጽናናትን ሊረሱ ሄደዋል።


ሪያድ
ጥቅምት 13 ቀን 2018

ደረቅ ጥያቄ ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ነገር ግን በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ያቆሙት ለምን ነበር? ያቺ ብቻዋን የነበረችው ነርስ በደመወዟ የቤት ኪራይ መክፈሏን ጠይቀሃታል?

ለሌሎቻችሁ የባሕረ ሰላጤውን ነገር ልጨምር። እዚህ ሳዑዲ ፈተናው ከአሜሪካው በጣም ይቀላል፤ በኮምፒውተር ነው፣ ቀጥተኛ የአንድ ምርጫ ጥያቄ ነው። የሚገድለው ፈተናው ሳይሆን የሰነድ ማጣራቱ ነው። ዳታፍሎው የሚባለው ድርጅት ዲግሪህን፣ የሙያ ፈቃድህንና የሥራ ልምድህን ካወጣው ቦታ ድረስ ጽፎ ይጠይቃል። የእኛ ተቋማት ለኢሜይል መልስ መስጠት ግዴታ አይመስላቸውም። የእኔን የሥራ ልምድ ለማረጋገጥ የተጻፈው ደብዳቤ የተላከው ማንም ወደማይከፍተው አድራሻ ነበር፤ እውነተኛ ወረቀቴ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ተብሎ ተመለሰ። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉ አሁን የሚከፍተውን ኢሜይልና የሚያነሣውን ስልክ በእጃችሁ ያዙ፤ ከተቻለም በአካል ሄዳችሁ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል» ብላችሁ ንገሯቸው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የመጣሁ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓስፖርቴን ያየው ሰው ሳይጠይቀኝ የቤት ሠራተኞች ወደሚሰለፉበት መራኝ። «ነርስ ነኝ» ስለው ደግሞ አየኝ። በዚያ ሰልፍ የቆሙት እኅቶቼ ናቸው፤ በእነሱ አላፈርኩም። ግን ያ ሁለተኛ እይታ እስከ ዛሬ ይታየኛል።


የመጨረሻ ዓመት
ጥቅምት 14 ቀን 2018

ሰላም ታላላቆቼ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ የመውጫ ፈተና አለብኝ፣ ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ይጠብቀኛል። እዚህ አንድ ኤጀንሲ «የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ተወካይ ነን፣ ለምዝገባ 150 ሺህ ብር ክፈሉ፣ ፈተናውን እኛ እናስጨርሳለን» ብሎ ግቢያችን በር ላይ ወረቀት በትኗል። ከክፍላችን አራት ልጆች ሊከፍሉ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?


አወያይ
ጥቅምት 14 ቀን 2018

ከዚህ በላይ የነበረ አንድ መልእክት አንሥቻለሁ። «የዘንድሮ የኤንክሌክስ ጥያቄ ከነመልሱ» የሚሸጥ ሰው ነበር። ጥያቄዎቹ በሺዎች ከሚቆጠር ክምችት እየተመረጡ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ በየራሱ መልስ ልክ የሚመጡ ናቸው፤ «የዘንድሮ ወረቀት» የሚባል ነገር የለም። ዳግመኛ የለጠፈ ከመድረኩ ይወጣል።


ከሊድስ
ጥቅምት 14 ቀን 2018

የመጨረሻ ዓመት፣ ልጆቹ እንዳይከፍሉ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የጠናባቸውን 55 አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዝርዝር አውጥቷል፤ ኢትዮጵያ አለችበት። እንግሊዝ በዚያ መሠረት ቀይ ዝርዝር ይዛለች። የእንግሊዝ ቀጣሪም ሆነ ወኪሉ በቀይ ዝርዝር ወዳለ አገር ሄዶ ነርስ ሊመለምል አይፈቀድለትም። እንግዲህ አስቢው፤ ግቢያችሁ በር ላይ ወረቀት የሚበትን «ተወካይ» ወይ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ ሊያደርገው የማይገባውን እያደረገ ነው። አንቺ ራስሽ ማንም ሳይመለምልሽ በቀጥታ ብታመለክቺ ግን ማንም አይከለክልሽም፤ እኔ የመጣሁት እንደዚያ ነው። ጀርመንም ይህንኑ ዝርዝር በሕጓ ውስጥ አስገብታለች፤ የግል መልማይ እንዲህ ካሉ አገሮች ነርስ ማምጣት አይችልም።

«በተንከባካቢ ቪዛ ግቡና እዚያ ነርስ ትሆናላችሁ» የሚሏችሁም ካሉ፣ ያ በር ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ጀምሮ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሰው ተዘግቷል።

ክፍያውን ራስሽ ታውቂው ዘንድ ልንገርሽ። የኮምፒውተሩ ፈተና 83 ፓውንድ ነው፤ መጀመሪያ የመድኃኒት ሒሳብ 15 ጥያቄ፣ ከዚያ የነርሲንግ 100 ጥያቄ። እንግሊዝኛው ላይ በአይልትስ ንባብ፣ ማዳመጥና መናገር 7፣ ጽሑፍ 6.5 ይፈልጋሉ። ከዚያ እዚህ መጥተሽ የምትቀመጪው የተግባር ፈተና 794 ፓውንድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪው ይከፍላል። በዚህ ውስጥ «እናስጨርሳለን» የሚባል ቦታ የት አለ? መታወቂያሽን አሳይተሽ፣ ፎቶ ተነሥተሽ የምትቀመጪው አንቺው ነሽ። ናይጄሪያ ውስጥ ኢባዳን ከነበረ አንድ የፈተና ጣቢያ የወጡ ውጤቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ጥርጣሬ ላይ ወድቀው ብዙ ነርሶች እዚህ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ጉዳያቸው ተጣርቷል። በሐቅ የተፈተኑትም አብረው ተጨንቀዋል።

የተግባር ፈተናው አሥር ጣቢያ አለው። እዚያ እኔን የጣለኝ ዝምታዬ ነው። አገር ቤት ጎበዝ ነርስ አይለፈልፍም፤ እጁ ይናገራል። እዚህ ግን ገብተሽ ራስሽን ማስተዋወቅ፣ ስሙን ጠይቀሽ ከእጅ አምባሩ ጋር ማመሳከር፣ አለርጂ መጠየቅ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ «አሁን እጄን እታጠባለሁ» ማለት ሳይቀር በአፍሽ መነገር አለበት። ያላልሽው ነገር አልተሠራም። እኔ አለርጂውን ወረቀቱ ላይ አይቼ አውቄዋለሁ ብዬ ሳልጠይቅ መድኃኒቱን ሰጠሁ፤ ወደቅኩ። ሁለተኛውን ጊዜ ከመግባቴ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ለትራስ ራሴን ሳስተዋውቅ ከረምኩ፤ ባለቤቴ አብዳለች ብሎ ነበር።


ነርስ ዘጎንደር
ጥቅምት 14 ቀን 2018

ከሊድስ የጻፈችውን ሁሉ እደግፋለሁ። አሜሪካም ከዚህ ነጻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማ መሸጣቸው ተጋልጦ 25 ሰዎች ተከስሰዋል። ዲፕሎማውን ገዝተው ፈተናውን ያለፉም በየግዛቱ ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። ከእኛም ሰው «አጭር መንገድ አለ» የሚል አይጠፋም፤ ስልኩን ዝጉት።

አሁን ወደ «አይዞሽ» ልመለስ፤ ደረቅ ጥያቄ ያነሣው ነገር ስላልለቀቀኝ።

አገር ቤት ስሠራ አንድ ገበሬ ጉበቱ በካንሰር አልቆ ገባ። ወንድ ነርስ ስለሆንኩ እንደ ልማዳችን «ዶክተር» ይለኝ ነበር። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «እንዳትነግረው፣ ልቡ ይሰበራል» ብለው አስማሉኝ። ሌሊት ላይ ሰውየው ጠራኝና «ዶክተር፣ እሞታለሁ?» አለኝ። «አይዞዎት አባቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ፣ በማግስቱም አይዞዎት አልኩት። በሦስተኛው ቀን መጠየቁን ተወ። በሳምንቱ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ልጆቹ በሁለት በሬና በአንድ ማሳ ተካሰሱ፤ አባታቸው ሳይናዘዝ ነበር የሄደው። ሊናዘዝ ፈልጎ ነበር የሚጠይቀኝ። እኔ በአይዞዎት አፉን ዘጋሁት።

ስለዚህ እኔ ፈተናው ላይ «ሁሉም ይስተካከላል» የሚለውን ምርጫ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ተሳስቼ አላውቅም።


የድሮዋ ሲስተር
ጥቅምት 15 ቀን 2018

ነርስ ዘጎንደር ከእኔ የተሻለ ተናገረው። እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ለአበሻ ታካሚ ዛሬም «አይዞሽ» እላለሁ፤ ብያት ግን አልሄድም፣ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ጥፋቱ ቃሉ ላይ ሳይሆን ቃሉን ብለን ወደ ሌላ አልጋ መሮጣችን ላይ ነው። አርባ አልጋ ሲጠብቅሽ ሌላ ምን ታደርጊያለሽ? ፈተናውን ያዘጋጁት አርባ አልጋ አላዩም።

ለፈተናው ግን ልጄ፣ እነዚህን ዓይነት መልሶች ገና ስታያቸው ጣያቸው፦ ተስፋ የሚሰጥ፣ «ለምን» ብሎ የሚጠይቅ፣ ምክር የሚለግስ፣ ወደ ሐኪም የሚገፋ። የታካሚዋን ስሜት መልሶ የሚጠራው ወይም «ንገሪኝ» የሚለው ይቀራል። ሐኪም መጥራት ደግሞ የሚቀድመው ነርሷ ልትሠራው የምትችለው ነገር ካለቀ ብቻ ነው።


ደረቅ ጥያቄ
ጥቅምት 15 ቀን 2018

የገበሬው ታሪክ ገባኝ። ሆኖም በአማርኛ «ባልሽ እንደ በፊቱ ላያይሽ ይችላል ብለሽ ሰግተሻል» ተብላ የማትቀየም ሴት አሳዩኝና ሐሳቤን እለውጣለሁ።


የሌሊት ፈረቃ
ጥቅምት 16 ቀን 2018

ደረቅ ጥያቄ፣ በዚህ እኔና አንተ እንስማማለን፤ በአማርኛ እንደዚያ አይባልም። ትናንት ማታ ግን አንድ ነገር ሆነ። መንከባከቢያችን ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አሉ፤ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሌሊት ያለቅሳሉ። ሁልጊዜ «አይዞዎት እማማ» ብዬ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ እወጣ ነበር። ትናንት ቁጭ ብዬ «ምን አስጨነቀዎት?» አልኳቸው። «ባዕድ አገር ተቀብሬ ማን ይደርስልኛል» አሉኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ደሴ አወሩልኝ። ሌሎቹ ደወል ሲያደርጉ ዘግይቼ ነርሷ ተቆጣችኝ።


ኮሎኝ
ጥቅምት 19 ቀን 2018

የጀርመኑን የሚፈልግ ካለ በአጭሩ። ትምህርታችሁን ከእነሱ ጋር አነጻጽረው የጎደለውን በደብዳቤ ይነግሯችኋል። ከዚያ ወይ የማሟያ ሥልጠና ትገባላችሁ፣ ወይ የዕውቀት ፈተና ትቀመጣላችሁ፤ በቃልና በእውነተኛ ታካሚ ላይ። ጀርመንኛው ቢ2 የሚባለው ደረጃ መድረስ አለበት፤ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት መጀመር ይቻላል። ሕክምናው ሳይሆን ሰነድ መጻፉ ነው ያስለቀሰኝ። የአዛውንት ቆዳ መቅላቱን በጀርመንኛ ጽፌ ለመጨረስ ቆዳውን ከማከም የበለጠ ጊዜ ይወስድብኝ ነበር።


የመጨረሻ ዓመት
ጥቅምት 21 ቀን 2018

ከአራቱ ሦስቱ ትተውታል። አንዱ ግን ከፍሏል፤ አባቱ መሬት ሸጠው ነው።


የሌሊት ፈረቃ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018

እንዳልጠፋሁ ልንገራችሁ። ኅዳር 21 ቀን ተፈተንኩ። 112 ላይ ቆመ። እንደ ነርስ ዘጎንደር እስከ መኪናዬ ድረስ ወድቄ ነበር፤ መኪና ውስጥም አለቀስኩ። ጓደኛዬ «እንደገና ለመመዝገብ ሞክሪ፣ ካርድሽን ካልተቀበለ አልፈሻል ማለት ነው» አለችኝ። ካርዴ ገንዘብ ስለሌለበትም ላይቀበል ይችላል ብዬ ተውኩት። ውጤቱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ አልፌአለሁ። በማግስቱ ስሜ ከፈቃድ ቁጥር ጋር ፈቃድ በሚሰጠው የነርሶች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ወጣ።

ያደረግኩት ይህ ነው። በየቀኑ 75 ጥያቄ፤ ከመልሱ ይልቅ የሳትኩበትን ምክንያት በደብተር መጻፍ። የሳትኩትን ሁሉ በሦስት ከፈልኩት፤ ያላወቅኩት፣ ያነበብኩት በችኮላ፣ በአገሬ ልማድ የመለስኩት። ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉም ረዘመ። እትዬ ሲስተር ያሉኝን ደግሞ አምስት ሳምንት ያህል በሥራ ቦታ አደረግኩ፤ ነርሷ የማትሰጠኝን ነገር በትንሽ ወረቀት እየጻፍኩ ኪሴ አስገባ ነበር።

እዚያው መንከባከቢያ በነርስነት እንድቀጥል ጠይቀውኛል። ገና አልወሰንኩም። የደሴዋን እናት መድኃኒት የምሰጠው እኔ እሆናለሁ ማለት ነው፤ ቁጭ ብዬ የማወራበት ሰዓት ግን አይኖረኝም።


የመጨረሻ ዓመት
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018

እልል! ሲስተር፣ ያንን ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ፎቶ አንሥተሽ ልትለጥፊልን ትችያለሽ?


የሌሊት ፈረቃ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018

እሁድ ከሥራ ስወጣ አነሣዋለሁ። ጽሑፌ አይነበብም፤ ግማሹ በሌሊት የተጻፈ ነው። ያልተነበበላችሁን ጠይቁኝ።